አራት ምሰሶ

ሌሊት ነው። ታርቱ ላይ ወንዙ በረዶ ለብሷል፤
የላቦራቶሪው መብራት እኔን ብቻ ይዟል፤
ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የጣት ጫፍ የምታክል ብልቃጥ፣
ውስጧ የተፈጨ አጥንት፣ በመከር የወጣ ከማጥ።

ረግረጉ አይቸኩልም። ሣር በሣር ላይ ሲረግፍ፣
ዓመት በዓመት ላይ ሲያድር፣ ጥቁር ውሃ ሲያቅፍ፣
የዋጠውን አይተፋም፤ ቀለም ነክሮ ያቆያል፤
ጨርቁን ቡኒ፣ ቆዳውን ቡኒ፣ አጥንቱን ቡኒ ያደርጋል።

ኤልማር ይባላል ጠያቂው። ሰማንያ ስምንት ሞልቶታል።
ባለፈው ሐሙስ መጥቶ የጉንጩን ውስጥ በጥጥ አስጠርጎ ሄዷል።
«ወንድሜ ነው» አለኝ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፤
«አርባ ዘጠኝ ላይ፣ በመጋቢት፣ ከጭነት መኪናው አምልጦ፣
ዳቦ በጉያው ሸጉጦ፣
ወደ ረግረጉ ሲገባ ከመስኮት ሆኜ አይቻለሁ።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዝም አልኩ፤ ዝም እንዳልኩ አለሁ።
እናታችን ጎን ቦታ አለ፤
አፈሩ በውርጭ ሳይጠና ጉድጓዱን አስቆፍሬያለሁ።»

ችግሩ ይህ ነው፦ የረግረጉ እድፍና የሰው ዘረመል
ሁለቱም የተሸከሙት አንድ ነው፣ አሉታዊ ሙል።
ዋልታ ብትተክል ሁለቱም ወደ አንዱ ዋልታ ይሮጣሉ፤
እድፉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሐሜት ከባለቤቱ እንደሚቀድም ሁሉ።

ሄልቪ ሦስት ጊዜ አጠበችው፣
በአልኮል፣ በማጣሪያ፤ ሦስቴም ባዶ አገኘችው።
«ተዪው፣ አጥንቱ ደክሟል» አለች፣ ካፖርቷን እየለበሰች።
በሩ ላይ ቆም አለች፤ ከዚያ ሄደች።

አራት ምሰሶ አለኝ። በጄሉ አራት ማዕዘን ተከልኳቸው፤
ኃይሉን ከአንዱ ወደ አንዱ፣ እየዞረ፣ አቀባበልኳቸው።
አሁን ወደ ሰሜን ይጎትታል፤ አሁን ምሥራቅ፤ አሁን ደቡብ፤
እድፉ የሄደውን ያህል ይመለሳል፣ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ክብ።

ረጅሙ ክር ግን እንዲህ አይደለም። ሲጎትቱት ይለጠጣል፣
ሲለቁት ይኮማተራል፣
በየዙሩ የፀጉር ስንጣሪ ያህል ወደ መሀል ይጠጋል።
ማንም ሳይጠራው። መሀል ላይ ዋልታ የለም። መሀል ላይ ምንም የለም።
ያም ሆኖ ወደዚያ ይሄዳል። ይህን ሳይ አሥር ዓመቴ ነው፤ አልለመድኩትም።

ሰባት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት።
ቡናማው ጥላ ወደ ጠርዝ እየሸሸ ሳሳ።
ውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪና መንገዱን ፍቆ አለፈ፤
የማሞቂያው ቧንቧ አንኳኳ፤ ዓይኔ ከበደ፤ አረፈ።
አሥራ አንድ ላይ መሀሉን በቀጭን መርፌ ቀዳሁት፦
ጠብታ፣ ከእንባ ያነሰ። ወደ መብራቱ አነሣሁት።
ምንም አይታይም።
ሰው እስከዚህ ሲጣራ ምንም አይታይም።

ማክሰኞ ውጤቱ ወጣ። ደገምኩት። ደገምኩት እንደገና።
ወንድም አይደለም። የሥጋ ዘመድም አይደለም።
ሴት ናት።
ስሟን፣ ዘመኗን፣ ከማን እንደሸሸች ጠብታዋ አትናገርም።

ደወልኩ። ስልኩ ብዙ ጮኸ፤ ኤልማር አነሣው፤ ነገርኩት።
ዝም አለ። ከጀርባው የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁት።
«ያቺ ሴት» አለኝ፣ «ማንም መጥቶ ጉንጩን አላስጠረገላትም?»
«እስካሁን ማንም።»
ሰዓቱ ቆጠረ።
«እንግዲያው እኔ እወስዳታለሁ» አለ፤ «ይፈቀዳል?
ጉድጓዱ እንደሆን ተቆፍሯል፤ በረዶ ሲሞላው ያሳዝናል።
እሱም እኮ... እዚያ ማጥ ውስጥ ብቻውን አልነበረም ይሆናል።»

ሕጉን አላውቅም። ቅጹ ላይ «ዝምድና» የሚል ሳጥን አለ፤
እርሳሴ ጫፉ ላይ ቆሟል፣ ሳጥኑም ባዶ እንዳለ።